ከሁለት እስከ ስምንት

ሲመጣ ሣጥኑ ቀላል ነው፣ የሕፃን ጫማ ያህላል፤
ውስጡን የማያውቅ ሰው «ባዶ ነው» ብሎ ይምላል።
አንድ ጣት የማያህል ብልቃጥ፣
ከታቹ ነጭ ብናኝ፣ በትንፋሽ የሚበተን፣ በዓይን የማይጨበጥ።
ሰባት ወር ጠብቀነዋል። ሁለቱን ወር በጉምሩክ፣
አምስቱን በፊርማ፣ በማኅተም፣ በ«ነገ ተመለሽ» ልክ።

ስሙ ፀረ-ኢንተርፌሮን ነው። ሥራው ግን ጆሮ፣
የደም ሕዋስ ሲጨንቀው የሚያሰማውን እሮሮ
ከሺህ ጫጫታ ለይቶ የሚሰማ፤
ለሌላው ቃል ሁሉ ደንቆሮ፣ ያን አንዱን ቃል የሚጠማ።
ነቀርሳ ሳንባ ሲገባ፣ አንዱ ሕዋስ ለሌላው
ኡኡ ይላል። ኡኡታው ፕሮቲን ነው፤ እሱን ነው የምንለካው፣
ዘጠና ስድስት ጉድጓድ ባላት ገበታ ላይ፣
የሰማኒያ ሰው ጩኸት በቀለም ሊታይ።

ሐሙስ ከቀትር በኋላ መብራት ጠፋ።
ጄኔሬተሩ ሁለቴ አስነጠሰ፣ ጥቁር ጭስ ተፋ፤
ዝም።
የፍሪጁ ቁጥር ሽቅብ፦ አምስት። ስድስት ተኩል። ሰባት።
እኔና ጠረፍነሽ በሩን ዳበስነው፣ እንደ ልጅ ግንባር፣ ትኩሳት እንዳለበት።
«ከሁለት እስከ ስምንት» ይላል ጽሑፉ። ከዚያ ወዲያ
ጆሮው ይደነቁራል፣ ብናኙ ተራ ትቢያ።

ደረቅ በረዶ ያለው አዲስ አበባ። አይስክሬም ቤቱ ዝግ።
ባጃጅ ጠራሁ፦ «አሞራ ገደል!» «ስንት ናችሁ?» «እኔና ሣጥኑ።»
የሣጥኑንም አስከፈለኝ፣ እንደ ሰው፣ በማዕረግ።

ሌዳሞ ከጀልባዎቹ ጀርባ በረዶ በሰጋቱራ ቀብሮ ይሸጣል፤
የአሳ ቅርፊት እጁ ላይ እንደ ሳንቲም ያብለጨልጫል።
«ምን ዓይነት አሳ ነው?» አለኝ፣ ሣጥኑን አይቶ።
«አሳ አይደለም፤ መረብ ነው» አልኩት፣ ሌላ ቃል ከአፌ ጠፍቶ።
«አንድ ዓይነት ብቻ ይይዛል። ሌላው ሁሉ ያልፈዋል።»
ሳቀ። «ቆሮሶን ይዞ አምባዛን የሚለቅ?
ሴትዮ፣ እንዲህ ያለ መረብ የት ተሠርቶ ያውቃል?»
ከፍ ዝቅ አድርጎ መዘነው። «ለዚህች ነው ይህ ሁሉ ሩጫ?»
በረዶውን ቀጠቀጠልኝ፣ በቢላ እጀታ፣ በካልቾ፣ በእርግጫ።
በረዶው ቆዳውን እንዳይነካው ብልቃጡን በጋዜጣ ጠቀለልኩት፤
ግማሹ የጨረታ ማስታወቂያ፣ ግማሹ የአሳ ደም ያለበት።
«ያዘ አልያዘ ንገሪኝ» አለ፣ የገንዘቤን ግማሽ መልሶ፤
«መረብ የጣለ ሰው ዝም አይልም፣ ይናገራል ተመልሶ።»

ሰባት ነጥብ ዘጠኝ ደርሶ ነበር። ስምንትን አልነካም።
ዶክተር ጋሻነህ አፍንጫውን ያዘ፦ «ይህ ሽታ የምን ነው?»
አልመለስንለትም፤ እሱም አልደገመም።

ዓርብ ጠዋት በጥቂት ውሃ አሟሟሁት፣ ሳልነቀንቅ፤
አረፋ አይወድም፣ ክብሩን የሚጠብቅ።
አጠብኩ። ጠበቅኩ። አጠብኩ። ቀለሙን ጨመርኩ።
ከዚያ ሰዓቴን ትቼ በልቤ ምት ቆጠርኩ።
ቢጫ! እዚህ ጥግ ፈዛዛ፣ እዚያ የእንቁላል አስኳል፤
ጉድጓድ ከጉድጓድ ይጠራራል። ሰው ሁሉ ጮኋል።
አርባ አንድ ቁጥር ብቻ ውሃ። እንደ ጠዋት ሐይቅ ንጹሕ።
ደገምኩት። ውሃ። መቆጣጠሪያዎቹ ሁሉ ደምቀዋል፣ ጆሮው ደኅና ነው፤
አንተ አርባ አንድ፣ ስምህን የማላውቅ፣ የት ገባ ድምፅህ?

በጥናቱ ላይ፣ በዘዴው ክፍል፣ አንዲት ዓረፍተ ነገር ጻፍን፦
«ሪኤጀንቱ በአምራቹ መመሪያ መሠረት ተቀመጠ።»
አንብበን፣ ሳንተያይ፣ ተስማማን።

ቅዳሜ ወደ ገደሉ ወረድኩ። መረብ ይጠግናል፣ ክሩን በጥርሱ ይዞ።
«ያዘ?»
«ያዘ።»
ክሩን በጠሰ። «አንድም አላመለጠ?» አለኝ፣
ዓይኑን ከቀዳዳው ሳያነሣ፣ ተክዞ።